ፍየል ይጦራል እንዴ?

በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ሰሞን ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አዛውንት ከልጃቸው ጋር ሙክት ሊገዙ መጡ። በዚያ ሰሞን እኛ ጋ ሐበሻ አይጠፋም። ሕማማት ሳይገባ ስልኩ ይጀምራል። "ፍየል አላችሁ አሉ፣ እውነት ነው?"

አዛውንቱ ከመኪናው ወርደው ኮፍያቸውን አስተካከሉና አጥሩ ጋ ቆሙ። ሙክቶቹ በግራ በኩል ነበሩ። እሳቸው ያዩት ግን ወደ ቀኝ ነው። እዚያ እቴጌ ዛፍ ሥር ተኝታ ታመሰኳለች። እቴጌ ትልቅ ናት። ጆሮዋ ከአገጯ በታች ይንጠለጠላል። ሆዷም ሰፊ ስለሆነ ከሩቅ ያያት ሰው የደለበች ይመስለዋል።

"ይቺስ ስንት ናት?" አሉኝ።

"እሷ አትሸጥም አባባ። ጡረታ ወጥታለች።"

ልጃቸው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ቀልድ መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስላል ፊቴን ትንሽ አዩት።

"ፍየል ይጦራል እንዴ ልጄ?"

ምን ልበላቸው? "እንዲያው ነው" ብዬ ወደ ሙክቶቹ ወሰድኳቸው። ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ ቀረ። ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ሁሉ ይመጣብኛል።

መጀመሪያ እንዴት እጃችን እንደገቡ ልንገራችሁ። እኔና ባለቤቴ 11 ዓመት አፓርትመንት ተከራይተን ኖረናል። እሱ ትራክ ይነዳል። እኔ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። በ2012 መስከረም፣ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ፍሬድሪክ ካውንቲ ውስጥ ሁለት ሄክታር የምትሆን መሬት ከነቤቷ ለሽያጭ ወጣች። ባለቤትየዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የወተት ፍየል አርብተዋል፣ አይብ ሠርተው ሸጠዋል። ባላቸው ሞቱ፣ ጉልበታቸው ደከመ፣ ወደ ልጃቸው ሊሄዱ ነው። ወጣቶቹን ፍየሎች ሸጠው ጨርሰዋል። የማይታለቡ፣ ሊታለቡ ቢችሉም የማያዋጡ አምስት ቀርተዋል።

ዋጋ ተነጋግረን ስንጨርስ ሴትየዋ አንድ ነገር ለመኑን። "እነዚህን ወደ ጨረታ አትላኩብኝ።"

ጨረታው ምን እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ኒው ሆላንድ የሚባል ከተማ አለ። እዚያ በምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል ስሙ የታወቀ የከብት ጨረታ ይካሄዳል። በዚህ አካባቢ ወተቷ የቀነሰ ወይም መውለድ ያቆመች ፍየል ብዙ ጊዜ ወደዚያ ትጫናለች፣ ከዚያ ወደ ቄራ። ዋጋው የሚወደደው መቼ መሰላችሁ? ለፋሲካና ለኢድ። ማለትም በኛው ምክንያት።

እሺ አልን። እውነቱን ለመናገር ያኔ ለፍየሎቹ አዝነን አልነበረም። ቤቱ እንዳያመልጠን ነው።

ሴትየዋ ከቁልፉ ጋር አንድ ወፍራም ደብተር ሰጡን። ለእያንዳንዷ ፍየል ገጽ አላት። መቼ ተወለደች፣ መቼ ወለደች፣ ስንት ወለደች፣ ጠዋት ስንት ታለበች፣ ማታ ስንት ታለበች። የእቴጌ ስም እዚያ ላይ "ዳፎዲል" ይላል። የአበባ ስም ነው አሉ። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ሞክሮት ተወውና፣ ሁልጊዜ ከፊት ስለምትሄድ እቴጌ አላት። ሌሎቹ ዳማ፣ ብርቱካን፣ ሻሽና ወይዘሪት ሆኑ። (እቴጌ በማለታችን ቅር የሚለው ሰው ካለ ይቅርታ። አካሄዷን ቢያይ ግን ይስማማ ነበር።)

አንድ እሑድ ማታ ኩሽና ቁጭ ብዬ የእቴጌን ገጽ ደመርኩት። ሰባት ጊዜ ወልዳለች። 13 ግልገል። ወተቱ በፓውንድ ስለተጻፈ ወደ ሊትር ቀየርኩት። ከ5000 ሊትር ትንሽ ይበልጣል። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ደመርኩት። ያው ነው።

ዝርያዋ ኑቢያን ይባላል። ስሙን ሲሰሙት የኛ ሰፈር ልጅ ትመስላለች። ዝርያውን ያወጡት ግን እንግሊዞች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከመካከለኛው ምሥራቅ፣ ከሕንድና ከሰሜን አፍሪካ በመርከብ ከመጡ ጆሮ ረጃጅም ፍየሎች ጋር የራሳቸውን አዳቀሉ። ይሄው ዝርያ ኋላ ኢትዮጵያም ገብቷል። በኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፋርም አፍሪካ የሚባለው ድርጅት ከአገሬው ፍየል ጋር ያዳቅለው ነበር። ለችግረኛ ሴቶች ፍየል በብድር ይሰጥ ነበር፤ ብድሩ የሚመለሰው በግልገል ነበር። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኛ ሰፈር በደረሰ ኖሮ እናቴ ከሁሉ ቀድማ ትመዘገብ ነበር።

ያደግሁት ሸዋ ሮቢት ነው። አያቴ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ሲሄድ አንዳንዴ ያስከትለኛል። አፋሮቹ ፍየል እየነዱ ይመጣሉ። አያቴ ወደ አንዷ ይጠጋና የታችኛ ከንፈሯን በአውራ ጣቱ ገልበጥ ያደርጋል። ፍየል ከፊት ላይኛ ጥርስ የላትም። የታችኞቹ ስምንት ናቸው። በዓመት አንድ ጥንድ እየተቀየሩ በአራት ዓመቷ ግድም ሙሉ ጥርስ ትሆናለች። ከዚያ በኋላ ጥርሶቹ እየሰሱ፣ እየተራራቁ፣ በመጨረሻ እየረገፉ ይሄዳሉ። አያቴ ይህን ሁሉ በአንድ እይታ ይጨርሰዋል። የረገፈባት ከሆነች ከንፈሯን መልሶ ቀና ይላል፣ ቃል አይተነፍስም።

የራሱንም እንደዚያው ነው የሚያየው። ጥርሷ የረገፈ ፍየል ክረምት እስኪገባ ቤቱ አትቆይም። ግንቦት ላይ ቅጠል ያልቃል። አሮጊቷ የምትበላው ሁሉ ከምታጠባው አፍ የሚነጠቅ ነው። አያቴ ጨካኝ አልነበረም። ሒሳብ ያውቅ ነበር። እኔ ዛሬ እቴጌን የማቆያት ከሱ የተሻለ ልብ ስላለኝ አይደለም፤ ድርቆሹን በመኪና የሚያመጣልኝ ሰው ስላለ ነው። ለእናቴ በስልክ ስነግራት በአንድ ቃል ጨረሰችው።

"ጥጋብ ነው።"

ተሳስታለች ልል አልችልም። አንድ እስር ድርቆሽ 9 ዶላር ነው። ክረምት ላይ የጡረተኞቹ ቀለብ ብቻ በወር ከ200 ዶላር ያልፋል። ያ ገንዘብ አገር ቤት ቢላክ ምን እንደሚሠራ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። አንዳንድ ወር የድርቆሹን ሒሳብ ከፍዬ በማግሥቱ ለሷ ስልክ ስደውል፣ ድምፄ ሳይታወቀኝ ይለሰልሳል።

ወደ ፍየሎቹ ልመለስ። ጡረታ ሲባል ሥራ የሚቀል መስሎኝ ነበር። አለማለብ እኮ ነው፣ ምን ይከብዳል?

የመጀመሪያው ፈተና ማንጠፍ፣ ማለትም ወተቷን ማድረቅ ነበር። እቴጌ ወደኛ ስትመጣ 9 ዓመቷ ነው። ከወለደች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ግን እስካሁን ትታለባለች። አንዳንድ የወተት ፍየል እንዲህ ናት፣ ሳትወልድም ዓመት ሁለት ዓመት ወተት ትሰጣለች። ሴትየዋ ሲሄዱ ነግረውኛል። እህሉን አቁሚ፣ ድርቆሽ ብቻ ስጫት፣ ግቷ ቢወጠርም አትለቢ፣ ሰውነቷ ራሱ ይተወዋል። ጥሩ። በሦስተኛው ቀን ማታ ጉሮኖ ስገባ ግቷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። እግሯን ከፍታ ነው የምትሄደው። ዐይኔ አልቻለም። ትንሽ ልቀንስላት ብዬ አለብኳት። በማግሥቱም ትንሽ። በሌላውም ቀን ትንሽ።

ግት የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። ከወሰዱበት ይተካል፤ ካልወሰዱበት ይተዋል። እኔ በየቀኑ "ገና ይፈለጋል" እያልኩ ነገርኩት። በሁለት ሳምንት የሚያልቀው ነገር ወር ከግማሽ ፈጀ። በመጨረሻም ግራው ጡት ቀላ፣ ተኮሰ፣ ወተቱ እየተቋጠረ መውጣት ጀመረ። ጡቷ ታሞ አንቲባዮቲክ ተገዛ። ሐኪሟ ምንም አላለችኝም። እጄን ብቻ አየችው። እሷ አይታ ዝም ያለችው እጅ ነው እስካሁን የሚያሳፍረኝ።

ከነጠፈች በኋላ የመጣው የመብል ጉዳይ ነው። ፍየል ውስጥ ሥልጣን አለ። ማን ቀድሞ እንደሚበላ፣ ማን ነፋስ የማይነካው ጥግ እንደሚተኛ የታወቀ ነው። እቴጌ ለብዙ ዓመት አንደኛ ነበረች። ጉልበቷን መገጣጠሚያው ሲይዛት አንድ ቀን ጠዋት ወይዘሪት በቀንዷ ገፋ አደረገቻት። እቴጌ አልመለሰችም። አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግርግሙ ላይ መጨረሻ ናት።

ይህን ቶሎ አላስተዋልኩም። ፍየል ፀጉሯ ያታልላል። ክረምት ሲገባ ይወፍርና ያማረባት ይመስላል። አንድ ቀን ጀርባዋን ስዳብስ የአከርካሪዋ አጥንት እንደ መጋዝ ጥርስ እጄን ወጋኝ። አሁን በየሳምንቱ ቅዳሜ ሁሉንም በእጄ እዳስሳቸዋለሁ። ወገብና ጎድን። ዐይን አይታመንም።

ሌላው ምልክት መሬት ላይ ነበር። ያላመጠችውን ድርቆሽ እንደ ኳስ ጠቅልላ ትተፋዋለች። የመንጋጋዋ ጥርስ አልቋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የአልፋልፋ እንክብል በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ፣ እንደ ገንፎ ሲሆን ለብቻዋ አጥር ውስጥ አቀርብላታለሁ። ለመብላት ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል። ሌሎቹ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይጮሃሉ። እሷ ቀና ብላም አታያቸውም። እዚያች ውስጥ አሁንም እቴጌ ናት።

ሥራ ቦታዬም የማደርገው ይህንኑ ነው። ምግብ የሚፈጭላቸው አሉ። ጥግ ይዘው ሳይበሉ ሳህኑ የሚነሳባቸው አሉ፣ እነሱን ማየት አለብሽ። ሕመም የሚደብቁ አሉ። ፍየልም ሕመም ትደብቃለች። ደካማ መስሎ መታየት ለአውሬ መጋበዝ ነው። ስለዚህ የምታይው ትንንሽ ነገር ነው። ጆሮዋ ወደ ጎን ወድቋል ወይ? ጥርሷን ታፋጫለች ወይ? ከመንጋው ተለይታ ግድግዳ ታያለች ወይ? ብርድ ሲበረታ እቴጌ በጉልበቷ ተንበርክካ ትበላ ጀመር። ሐኪሟ ሜሎክሲካም የሚባል የሕመም ማስታገሻ አዘዘች። የሰው መገጣጠሚያ ሲታመም የሚታዘዘው ራሱ መድኃኒት ነው። የሥራ ጓደኞቼ "አንቺ ከፈረቃ ወደ ፈረቃ ነው የምትሄጂው" ይሉኛል። ልዩነቱ፣ ፍየሎቹ ቅጽ አያስሞሉም።

ሰኮና በየስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ይከረከማል። ካልተከረከመ ተጣሞ ያድግና የታመመውን ጉልበት ያባብሰዋል። አገር ቤት ድንጋዩ ራሱ ይከረክመዋል። እዚህ መሬቱ ለስላሳ ነው። ስለ ሰኮና ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ ወገቤን ያስታውሰኛል።

በጋ ላይ ደግሞ ትል አለ። ሜሪላንድ በጋው ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ደም የሚመጥ የጨጓራ ትል ይፈላል። መድኃኒቱን ዝም ብሎ ለሁሉም መስጠት ትሉን ያለማምደዋል። ስለዚህ የታችኛ ዐይን ሽፋናቸውን ገልጬ አያለሁ። ፋማቻ የሚባል ካርድ አለ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተሠራ። ከ1 እስከ 5 ቀለም ተሥሎበታል። 1 ቀይ ነው፣ ጤና። 5 ነጭ ነው፣ ደም አልቋል። ኮርሱን ስወስድ አስተማሪዋ ዘዴውን ስታስረዳን በልቤ እናቴን አየሁ። ልጅ ሆነን ስንደክም ጣቷን ዐይናችን ሥር አድርጋ ጎተት ታደርግና "ደም የለሽም" ትል ነበር። ካርድ አልነበራትም።

ቅጠልም አለ። "ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ" የሚባለው ተረት እንደ እውነት የሚያስፈራኝ እዚህ ነው። የዱር ቼሪ ዛፍ በዚህ አገር በየአጥሩ ይበቅላል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ሳያናይድ ያመነጫል፣ ይገድላል። ማዕበል ባደረ ቁጥር፣ ከሥራ እንደገባሁ ጫማ ሳልቀይር አጥር አጥሩን እዞራለሁ። የወደቀ ቅርንጫፍ ካለ ከነሱ ቀድሜ መድረስ አለብኝ።

አሁን የአማቴን ነገር ላውጋችሁ።

በ2014 ክረምት የባለቤቴ እናት ሊጠይቁን መጡ። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ላም ሲያረቡ የኖሩ ናቸው። እኔ ስለ እንስሳ ለሳቸው ልነግራቸው የምችለው ምን አለ? በመጡ በሦስተኛው ቀን እቴጌን ተንበርክካ ስትበላ አዩዋት። አንጀታቸውን በላችው።

እኔ ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ ተኝቻለሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተነስቼ ስወጣ እቴጌ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። የግራ ጎኗ ተነፍቷል። አታመሰኳም። ጥርሷን ታፋጫለች።

"እማማ፣ ዛሬ ምን ሰጧት?"

"በቆሎ ነዋ። ትንሽ ናት።"

"ትንሽ ስንት ነው?"

"ያቺን ሳፋ።"

ያቺ ሳፋ ልብስ የማጥብባት ናት። በቆሎው የዶሮዎቹ ነው።

"ርቧት እኮ ነው ልጄ! ሣር ብቻ እየሰጣችኋት። አሮጊት በሣር ይኖራል?"

ልቆጣ አልቻልኩም። አዝነው ነው። እኔም አዝኜ አልቤያታለሁ። ግን የፍየል ጨጓራ እህል ያልለመደ ከሆነ በቆሎ መርዝ ነው። ጨጓራዋ ውስጥ ሣር የሚፈጩ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። እህል በአንዴ ሲመጣባቸው ይቦካል፣ አሲድ ይሆናል፣ እነሱ ይሞታሉ። አሲዱ ወደ ደም ይገባል። ፍየሏ ሰክራ እንደምትንገዳገድ ትሆናለች፤ ካልተደረሰላት በአንድ ቀን ልትሞት ትችላለች።

ሐኪሟ እስክትደርስ በስልክ እየነገረችኝ የዳቦ ሶዳ በውሃ በጥብጬ በአፏ ጋትኳት። ሐኪሟ ማታ መጣች። ቱቦ አስገባች፣ ተጨማሪ ሶዳ ሰጠች፣ ቫይታሚን ቢ1 ወጋቻት። ከሞቱት ሕዋሳት ጋር ሆዷ የሚያመርተው ቢ1 ይቀራልና ነው። "ከነገ ጠዋት በፊት ካመሰኳች ተስፋ አለ" አለችን።

ባለቤቴ መንገድ ላይ ነበር፣ ኦሃዮ ምናምን። እኔ ሥራ መቅረት አልቻልኩም። አማቴ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። "ሂጂ አንቺ፣ እኔ አለሁ" አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ እደውላለሁ። አንድ ጊዜ ሲያነሱት ድምፃቸው ሲንሾካሾክ ሰማሁ። ዳዊት እየደገሙ ነበር። ለፍየል። እሳቸው፣ ሰባት በሬ አሳርደው የዳሩ ሴት።

ንጋት 11 ሰዓት ከሩብ ላይ እሳቸው ደወሉ። ስልክ መደወል እምብዛም አይችሉም።

"አመሰኳች! ልጄ፣ አመሰኳች!"

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጮህኩ። አንድ በሽተኛ ቀሰቀስኩ፣ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ከዚያ በኋላ እስኪሄዱ ድረስ የእቴጌን ገንፎ የሚዘፈዝፉት እማማ ሆኑ። የውሃውን ሙቀት በክርናቸው እየለኩ፣ እንደ ሕፃን ገላ መታጠቢያ። ዛሬም ሲደወል ከልጃቸው ቀድመው የሚጠይቁት እሷን ነው። ባለቤቴ ይህን ገና አልተቀበለውም።

ቃሉን ያሰብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ጡረታ ስንል ገንዘብ እናስባለን፣ ደብተር፣ ወረፋ። ግንዱ ግን መጦር ነው። ሰው "ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ" ብሎ ይመርቃል። መጦር ለወላጅ ነው፤ ያበላሽን ስታበይው። ለከብት ማርባት፣ ማድለብ፣ መቀለብ እንላለን። ሁሉም ነገ ከሚገኝ ነገር ጋር የተያያዘ ነው። አዛውንቱ ፊቴን ያዩት ለዚህ ነበር። ቃሉን ከቦታው አንስቼ ሌላ ቦታ አስቀምጬባቸዋለሁ።

እኔም እኮ ንጹሕ አይደለሁም። ጥቂት ወጣት ፍየሎች አሉን። ወንዶቹን ቀጥቅጠን አሳድገን ለበዓል እንሸጣለን። በሁዳዴው መጨረሻ ጥብሱ እኛም ቤት ይሸታል። እናቶቹን እጦራለሁ፣ ልጆቹን እሸጣለሁ። አንድ ወዳጄ "ይሄ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?" አለችኝ። እንደ አያቴ ዓይነት ሒሳብ አይደለም፣ እሱን አውቃለሁ። ሌላውን ገና አልፈታሁትም። 5000 ሊትሩ ግን ከጭንቅላቴ አይወጣም።

ብርቱካን የእቴጌ ልጅ ናት። በወተት እርባታ ግልገል ቶሎ ከእናቷ ስለሚለይ አብረው አላደጉም። ግን ማታ ስገባ ሁልጊዜ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ነው የማገኛቸው። ለንደን በሚገኘው ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ አንድ ጥናት በፈረንጆቹ 2012 ታትሟል። እናት ፍየሎች የግልገሎቻቸውን ድምፅ ከተለያዩ ከብዙ ወራት፣ እስከ አንድ ዓመት ድረስም፣ ይለዩታል ይላል። የነዚህ መለያየት ግን ከዓመታት በፊት ነው። ስለዚህ ሙቀት ፍለጋ ይሆናል እላለሁ። ታዲያ ሻሽ ደግሞ ከሁለቱም ትሞቃለች፤ ለምን እሷ ጋ አይተኙም?

ዳማ የሞተችው በ2016 ጥር ነው። 14 ዓመቷ ነበር፤ በደንብ የተያዘች ፍየል 12ም 15ም ዓመት ትኖራለች። የኋላ እግሯ ከገና ጀምሮ እየከዳት መጣ። መጀመሪያ ደግፌ ሳነሳት ትቆማለች። ቀጥሎ እኔና ባለቤቴ ሆነን ነው። ፍየል ከቆመች ፍየል ናት። ተኝታ ስትቀር ጨጓራው ይጫናታል፣ አየር አይወጣላትም። ሞቅ ያለ ውሃ በሞላሰስ እየጠጣች ነበር። በሦስተኛው ቀን እሱንም አፏን አዞረችበት።

ሐኪሟ መጥታ ተንበረከከች። ያለችው አጭር ነው። "እስከ ነገ መጠበቅ ለአንቺ ነው፣ ለሷ አይደለም።" መርፌው ከሁለት ደቂቃ በላይ አልፈጀም። የዳማ ራስ ጭኔ ላይ ነበር። ምንም አልተሰማኝም ብል ውሸት ነው፣ ብዙ አለቀስኩ ብልም ውሸት ነው። እጄ ግን መዳሰሱን አላቆመም።

መቅበሩ ሌላ ሥራ ነው። የመርፌው መድኃኒት በሬሳው ውስጥ ይቆያል። ንስር ወይም ቀበሮ ቢበላው ይሞታል፤ ስለዚህ ጠልቆ መቀበር አለበት። መሬቱ ከላይ በረዶ ይዞታል። ባለቤቴ በአካፋ ሞክሮ ተወ። አንድ ጎረቤታችን መቆፈሪያ ማሽኑን ይዞ መጣ። ገንዘብ ስንሰጠው አልተቀበለም፣ ድፎ ዳቦ ወሰደ። ዳማን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለን ነው ያስገባናት። ጋቢው ለምን እንዳስፈለገ አትጠይቁኝ፣ ባለቤቴ ነው ያመጣው።

ሌሎቹ ከአጥሩ ጀርባ ሆነው ድርቆሻቸውን ይበሉ ነበር። እቴጌ ሁለት ቀን ጮኸች። በሦስተኛው ቀን የዳማን ቦታ ወስዳ ተኛችበት። ነፋስ የማይነካው ጥግ ነበርና።

በዚያው ዓመት የፋሲካ ሰሞን አዛውንቱ ተመልሰው መጡ። በዚህ ጊዜ የሚነዱት ራሳቸው ናቸው፣ ፒክአፕ ይዘዋል። ሰላም ከተባባልን በኋላ ወደ ሙክቶቹ አልሄዱም። እንደ አምናው አጥሩ ጋ ሄደው ቆሙ። በጣታቸው ቆጠሩ።

"አምስት አልነበሩም?"

"ዳማ ሞተችብን አባባ። በጥር።"

"የቷ ነበረች?"

"ቀይ ዳማዋ። ቀንዷ የተሰበረችው።"

"እ።" ኮፍያቸውን አወለቁ። "ነፍስ ይ…" ብለው ጀመሩና አቆሙ። ወደኔ ዞሩ። "ለፍየል ምን ይባላል?"

"እኔም አላውቅም አባባ።"

ትንሽ ቆምን። እቴጌ ተነስታ እያነከሰች መጣችና የኮታቸውን ጫፍ በከንፈሯ መሳብ ጀመረች። ተዉአት። ከዚያ ኮፍያቸውን መልሰው አድርገው፣ "በይ እስቲ፣ ደህናውን ሙክት ምረጪልኝ" አሉኝ። መረጥኩላቸው። ጥርሱን አዩ። አንድ ላይ ይዘን ፒክአፑ ላይ ጫንነው።